ብቅ ባይ መስኮትን የሚይዝ ፍተሻ፦ መጠየቅ፣ ማድመጥ ወይስ መተካት?

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቢሯችን ለአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የተሠራን የዘርና የማዳበሪያ መመዝገቢያ ድረ ገጽ በራስ ሰር እንፈትሻለን። «መዝገብ መሰረዝ» ያልነው ፍተሻ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው «አልፏል» የሚል ምልክት ሲያሳየን ቆየ። ከዚያ መሐል ሜዳ ከተማ ሆና መረጃ የምታስገባ ባለሙያ ደወለችልኝ። «ሰርዝ የሚለውን ስጫን ‹እርግጠኛ ነዎት?› ብሎ ይጠይቀኛል። እሺ እለዋለሁ፤ መዝገቡ ግን አይጠፋም። አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ማዳበሪያው ሲከፋፈል ምን ብዬ ልመልስ ነው?» አለችኝ።

ጥፋቱ የፍተሻችን ነበር። የጻፍነው በፕሌይራይት ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ ብቅ ያለውን መስኮት የሚቀበል ኮድ ካልተጻፈለት ራሱ «ይቅር» ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ፍተሻችን በየማለዳው ሰርዝ የሚለውን ይጫናል፣ ጥያቄው ብቅ ይላል፣ መሣሪያው «ይቅር» ይላል፣ ገጹ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ያረጋገጥነው ዝርዝሩ መታየቱን ብቻ ነበር። የተበላሸው ኮድ ያለው «እሺ» ከሚለው አዝራር በስተጀርባ ነው፤ ወደዚያ አንድም ቀን አልደረስንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መሣሪያ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ፍጥነቱን ወይም የሚጻፍበትን ቋንቋ አይደለም። «እኔ ዝም ካልሁ መስኮቱን ማን ይዘጋዋል? ምን ብሎ?» እላለሁ። የዚህ መመሪያ ንጽጽር በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ መስኮቱን መለየት

ተጠቃሚ «ብቅ አለብኝ» የሚለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው መሣሪያው ሊያየው የማይችለውን መስኮት በተሳሳተ መንገድ ሲፈልግ ነው።

እውነተኛው የማስጠንቀቂያ መስኮት በጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ብራውዘሩ ራሱ የሚከፍተው ነው። ሦስት መልክ አለው፦ መልእክት ብቻ የሚያሳየው አለርት፣ እሺ ወይም ይቅር የሚያስመርጠው ኮንፈርም፣ ጽሑፍ የሚቀበለው ፕሮምፕት። ሦስቱም ገጹን ያስቆሙታል። መልስ እስኪያገኙ ድረስ ከበስተጀርባቸው ያለው ኮድ አንድ መስመር አይራመድም፤ በር ላይ ቆሞ መልስ ሳይሰጡት አላሳልፍም እንደሚል ሰው ናቸው። አራተኛ ዘመድ አላቸው፤ ያልተቀመጠ ሥራ እያለ ከገጹ ሲወጡ «ልትወጣ ነው?» የሚለው። የዚህኛውን መልእክት ዛሬ የሚጽፈው ብራውዘሩ ነው፤ የገጹ ባለቤት በራሱ ቃል ሊተካው ስለማይችል በፍተሻ ውስጥ ጽሑፉን ማነጻጸር ትርፍ የለውም።

ከዚህ የተለየው በገጹ ውስጥ በኤችቲኤምኤል የተሠራው መስኮት ነው። ውብ ቀለም፣ ክብ ጠርዝ፣ የድርጅቱ ምልክት ካለው ይኸኛው ነው። ለፍተሻ መሣሪያ ይህ እንደማንኛውም የገጽ አካል ስለሆነ እንደ አዝራርና እንደ ሠንጠረዥ ተፈልጎ፣ መታየቱ ተጠብቆ ይያዛል። ለማረጋገጥ የብራውዘሩን የገንቢዎች መሣሪያ ክፈቱና መስኮቱን ጠቁሙ። ኮዱ ከታየ የገጹ አካል ነው፤ በኮዱ ውስጥ የትም ከሌለና ገጹን ማንሸራተትም ካልተቻለ እውነተኛው ነው። አካባቢዬን ልወቅ፣ ማሳወቂያ ልላክ የሚሉት የፈቃድ ጥያቄዎች ደግሞ ከሁለቱም አይደሉም። እነሱ የሚፈቱት ብራውዘሩ ሲነሳ በሚሰጠው ቅንብር ነው፤ በፍተሻው መሐል እነሱን ማሳደድ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስለ እውነተኛው መስኮት ነው።

አራት መሣሪያ፣ አራት ጠባይ

ፕሌይራይት ዝም ካላችሁት ድምፅ ሳያሰማ «ይቅር» ይላል። ሳይፕረስ ተቃራኒው ነው፤ ለአለርትም ለኮንፈርምም ሳይጠየቅ «እሺ» ይላል። ሰሌኒየም «ይቅር» ብሎ ይዘጋል፤ ግን ስህተት አንስቶ ይነግራችኋል። ፓፔቲር ምንም አይልም፤ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ገጹ ተገትሮ፣ ፍተሻው የጊዜ ገደቡ እስኪያልቅ ቆሞ ይቀራል።

በእኔ ግምት ለጀማሪ ቡድን ከአራቱ ጠባዮች የሚሻለው የሰሌኒየም ነው፤ ይጮኻልና። የፓፔቲር መገተርም ቢያናድድ ቢያንስ አይዋሽም። የሚያስፈሩኝ ሁለቱ ዝምተኞች ናቸው። አንዱ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ እያሳለፈ፣ ሌላው ጥያቄውን ሁሉ እየሰረዘ፣ ሁለቱም «አልፏል» ይሏችኋል። ይህን ስል ፕሌይራይትንና ሳይፕረስን ተዉአቸው ማለቴ አይደለም፤ ፕሌይራይትን ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ጠባዩን ሳያውቁ መያዝ ግን አደጋ አለው።

ጠይቆ መያዝ

የመጀመሪያው መንገድ ድርጊቱን ፈጽሞ ከዚያ «መስኮት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሰሌኒየም ባህላዊ መንገድ ይህ ነው። ሰሌኒየም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የዕድሜ ባለጸጋ ሲሆን፣ ብራውዘሩን የሚያዝበት ዌብድራይቨር የተባለው ደንብ በ2018 የድር መስፈርት ሆኖ ጸድቋል። «ስዊች ቱ አለርት» በሚለው ትእዛዝ ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ መልእክቱን ያነባል፣ ይቀበላል፣ ይሰርዛል፣ ፕሮምፕት ከሆነም ይጽፍበታል። መስኮት ከሌለ «ኖ አለርት ፕረዘንት» የሚባል ስህተት ይነሳል።

አጠያየቁ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ አዝራሩን እንደተጫነ አንድ ጊዜ ጠይቆ ስህተቱ ከመጣ «የለም» ብሎ ያልፋል። መስኮቱ የሚመጣው ሰርቨሩ መልስ ከሰጠ በኋላ ከሆነ ይህ ፍተሻ በፈጣን ኔትወርክ ያልፋል፣ በዘገየ ቀን ይወድቃል። ሌላው አምስት ሰከንድ ተኝቶ ይጠይቃል። ሁለት መቶ ፍተሻ ያለው ቡድን በዚህ መንገድ በእንቅልፍ ብቻ 1000 ሰከንድ፣ ወደ 17 ደቂቃ ያህል ያባክናል፤ ኔትወርኩ ስድስት ሰከንድ የፈጀ ቀን ደግሞ ያም አይበቃም። ትክክለኛው ግልጽ ጥበቃ የሚባለው ነው። «እስከ አሥር ሰከንድ ድረስ መስኮት መኖሩን ተመልከት» ትሉታላችሁ፤ እሱም ካልተቀየረ በቀር በየ500 ሚሊሰከንዱ እየጠየቀ መስኮቱን እንዳገኘ ወዲያው ይመለሳል። በጠቅላላው ለፍተሻው የሚሰጠው ስውር ጥበቃ ግን እዚህ አይረዳም፤ እሱ የሚሠራው የገጽ አካላትን ሲፈልጉ ብቻ ነው። ይህን ባለማወቅ የጥበቃውን ቁጥር ከአሥር ወደ ሠላሳ፣ ከሠላሳ ወደ ስልሳ ሲያሳድጉ የቆዩ ወጣቶች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ሰሌኒየም መስኮት ተከፍቶ ሳለ ሌላ ትእዛዝ ከሰጣችሁት፣ ለምሳሌ የገጹን ርእስ አንብብ ወይም አንድ አዝራር ፈልግ ብትሉት፣ በተለመደው ቅንብሩ መስኮቱን ዘግቶ ስህተት ይመልሳል። ያንን ስህተት በኮዳችሁ ውጣችሁት ቀጥላችሁ «መስኮት አለ?» ብትሉ መልሱ የለም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ መስኮት በሚጠበቅበት ቦታ ከጠቅታው ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ራሱ ጥበቃው ይሁን፤ በመካከሉ ምንም አይግባ።

ይህን ጠባይ መቀየር ይቻላል። ያልተጠበቀ መስኮት ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ቅንብር አምስት ምርጫ አለው፦ ዝም ብሎ መቀበል፣ ዝም ብሎ መሰረዝ፣ ተቀብሎ ማሳወቅ፣ ሰርዞ ማሳወቅ፣ እንዳለ መተው። ሰርዞ ማሳወቅ የተለመደው ሲሆን ለዕለት ሥራ ይበቃል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ መስኮት ስፈልግ «እንዳለ መተው» ላይ አደርገዋለሁ፤ መስኮቱ ተከፍቶ ስለሚቆይ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ስህተቱም የመልእክቱን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ዝምተኛ ምርጫዎች ግን ማንም እንዲመርጥ አልመክርም።

መስኮት አለመኖሩን ማረጋገጥስ? ይህ ከመኖሩ ይከብዳል። አሥር ሰከንድ ጠብቆ «አልመጣም» ማለት በየፍተሻው አሥር ሰከንድ መክፈል ነው። የሚሻለው ሥራው በትክክል ሲያልቅ የሚታየውን ምልክት መጠበቅ ነው፤ በእኛ ገጽ «ተመዝግቧል» የሚለው ጽሑፍ። ያን ጽሑፍ ስትፈልጉ ያልታሰበ መስኮት ከተከፈተ ሰሌኒየም ራሱ ይጮኻል፤ ካልተከፈተ ጽሑፉ ሲታይ ታልፋላችሁ።

ቀድሞ ማድመጥ

ሁለተኛው መንገድ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት አድማጭ ማቆም ነው። «መስኮት ሲከፈት ይህን አድርግ» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ከዚያ አዝራሩን ትጫናላችሁ። የጉግሉ ፓፔቲር ከ2017፣ የማይክሮሶፍቱ ፕሌይራይት ከ2020 ጀምሮ የሚሠሩት እንዲህ ነው። መስኮቱ መቼም ይምጣ፣ በግማሽ ሰከንድም ሆነ በስምንት፣ አድማጩ ይቀበለዋል። ገጹ ገና ሲከፈት ለሚመጣ መስኮትም ከመጠየቅ የሚበልጠው ማድመጥ ነው፤ አድማጩ ገጹ ከመጫኑ በፊት ቆሟልና።

ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንደኛ፣ አድማጭ ካቆማችሁ መስኮቱን መዝጋት የእናንተ ግዴታ ይሆናል። ፕሌይራይት ራሱ የሚዘጋው አድማጭ ከሌለ ብቻ ነው። መልእክቱን አንብባችሁ ሳትቀበሉ ወይም ሳትሰርዙ ከተዋችሁት ጠቅታው አይመለስም፤ ፍተሻው እዚያው ቆሞ ጊዜው ያልቃል። ሁለተኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው። ብዙ ሰው ማረጋገጫውን በአድማጩ ውስጥ ይጽፈዋል፤ «መልእክቱ ‹እርግጠኛ ነዎት?› መሆን አለበት» ብሎ። መስኮቱ ጭራሽ ካልመጣ አድማጩ አይጠራም፤ ማረጋገጫው አይፈጸምም፤ ፍተሻው ያልፋል። የእኛ ቡድን ከመሐል ሜዳው ጥሪ በኋላ ኮዱን ሲያስተካክል መጀመሪያ የሠራው ስህተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን፦ አድማጩ የመስኮቱን ዓይነትና መልእክት በዝርዝር ውስጥ ይመዘግባል፣ እሺ ወይም ይቅር ይላል፣ ይበቃዋል። ማረጋገጫው ከጠቅታው በኋላ ይመጣል፦ ዝርዝሩ ውስጥ በትክክል አንድ መስኮት አለ? ዓይነቱ ኮንፈርም ነው? መልእክቱስ? ሁለት መስኮት ከተመዘገበም እንወድቃለን፤ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ገጽ ተጠቃሚን ያሰለቻልና።

ሰሌኒየም የያዛችሁ ሰዎችም ከማድመጥ አልተከለከላችሁም። የዌብድራይቨር ባይዳይ የተባለው አዲሱ ደንብ ብራውዘሩ ራሱ መልእክት እንዲልክ ስለሚፈቅድ፣ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚነገሩ ክስተቶች አሉት። ነባር ፍተሻችሁን ሳትጥሉ በአስቸጋሪዎቹ ገጾች ላይ ብቻ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ሳይፕረስ ከማድመጥ ወገን ሆኖ የሚሠራው ከብራውዘሩ ውስጥ ነው። ኮንፈርምን «ይቅር» ለማለት በአድማጩ ውስጥ ሐሰት (ፎልስ) የሚለውን ዋጋ መመለስ ያስፈልጋል፤ ፕሮምፕትን ደግሞ እንዳለ አይዝም፣ በምትክ ተግባር፣ ማለትም የብራውዘሩን ትእዛዝ ተክቶ በሚጠራ የራሳችሁ ኮድ፣ መሸፈን አለበት። እንዲያውም በሳይፕረስ ለሁሉም ምትክ ተግባር መጠቀምና በመጨረሻ «ተጠርቷል ወይ?» ብሎ ማረጋገጥ ከላይ ካልሁት የዝምታ ማለፍ ያድናል።

መተካት

ሦስተኛው መንገድ መስኮቱ ከናካቴው እንዳይከፈት ማድረግ ነው። የብራውዘሩን አለርት በራሳችሁ ተግባር ትተኩታላችሁ፤ ገጹ ሲጠራው መልእክቱን ይመዘግባል እንጂ ምንም አይከፍትም። ፈጣን ነው፣ በየትኛውም መሣሪያ ይሠራል፣ ብዙ አለርት የሚያወጣ አሮጌ ገጽ ላይ እፎይታ ይሰጣል።

ቅሬታዬ እውነቱን መቀየሩ ነው። እውነተኛው መስኮት ገጹን ያስቆማል፤ ምትኩ አያስቆምም። «መጀመሪያ አስጠንቅቅ፣ ከዚያ ላክ» የሚለው ቅደም ተከተል ላይ ያለ ጉድለት በምትክ ሊደበቅ ይችላል። ገጹ በታደሰ ቁጥር ምትኩ ይጠፋል፤ በገጹ ውስጥ ያለ ሌላ ገጽም የራሱ አለርት ስላለው ለብቻው መተካት አለበት። ገጹ ከተጫነ በኋላ የገባ ምትክ በጭነት ጊዜ የወጣውን አለርት አያገኘውም፤ ፕሌይራይትና ፓፔቲር ከገጹ ኮድ ቀድሞ ኮድ የሚያስገቡበት ትእዛዝ ስላላቸው እዚያ ይሻላል። እኔ መተካትን የምፈቅደው መስኮቱ የፍተሻው ጉዳይ ባልሆነበት ቦታ ብቻ ነው። የገበሬ መዝገብ የሚሰርዝ ጥያቄ ላይ ፈጽሞ አልፈቅድም።

መልእክቱ አማርኛ ሲሆን

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት የእኛ ጉዳይ አለ። አንዱ የገጽ ጸሐፊ «ዓመት» ሲል ሌላው «አመት» ይላል፤ አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ»። አራት ነጥብን በአንድ ፊደል የሚጽፍ አለ፤ ሁለት የሁለት ነጥብ ምልክት አጠገብ ለአጠገብ የሚያስቀምጥም አለ። ለዓይን አንድ የሚመስሉት ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያነጻጽር ፍተሻ አንድ ሰው ፊደል ባስተካከለ ቁጥር ይወድቃል። መፍትሔው ማረጋገጫውን ማላላት አይደለም። መልእክቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አስቀምጡና ገጹም ፍተሻውም ከዚያ ያንብቡ። ይህ ካልተቻለ ትርጉም የተሸከመውን ቃል ብቻ፣ ለምሳሌ የገበሬውን መለያ ቁጥር፣ በመልእክቱ ውስጥ ፈልጉ።

የአዝራሩን ስም ደግሞ አትመኑ። «እሺ» የሚለው ጽሑፍ በብራውዘሩ ቋንቋ ይቀያየራል። የመቀበልና የመሰረዝ ትእዛዞች ጽሑፉን ስለማያዩ ይህ አያሳስባቸውም። ፕሮምፕት ላይ በፊደላችን መጻፍም ይቻላል። ሰሌኒየም ክሮምን የሚያዝበት የክሮም ድራይቨር የሚቀበለው ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ መሠረታዊ ክፍል ያሉ ፊደላትን ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ አለ።

ለማን የትኛው?

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጃቫ ወይም ፓይተን ተምሮ የወጣ፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልደረባ ጋር የሚሠራ፣ ዳታ በሞባይል ካርድ የሚገዛ ሰው ከሆናችሁ ሰሌኒየምን ከግልጽ ጥበቃ ጋር እመክራለሁ። በኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ክሮም ይጠቀማል፤ ከ4.6 እትሙ ጀምሮ ተስማሚውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ፕሌይራይት በተለመደው አጫጫኑ የራሱን ብራውዘሮች ስለሚያወርድ ሦስቱን ሲያመጣ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይበላል። አንድ ብራውዘር ብቻ እንዲያወርድ ወይም የተጫነውን ክሮም እንዲጠቀም ማዘዝ እንደሚቻል ግን እወቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ካርዱን ጨርሷል።

አዲስ ሥራ የሚጀምር፣ ገጹ በየጊዜው የሚለዋወጥ፣ መስኮቶቹ ከሰርቨር መልስ በኋላ የሚመጡበት ቡድን ፕሌይራይትን ይያዝ። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው፦ መስኮት የሚመዘግበው አድማጭ በሁሉም ፍተሻ መነሻ ላይ ይቁም፤ ያልተጠበቀ መስኮት ከመዘገበም ፍተሻው ይውደቅ። ሳይፕረስ ላይ ብዙ የጻፈ ቡድን ለዚህ ሲል መሣሪያ አይቀይር፤ ምትክ ተግባራቱን ያስተካክል። ፓፔቲርን ለፍተሻ አልመርጠውም፤ ገጽ ለመቅዳትና ፒዲኤፍ ለማውጣት ግን ደኅና ነው።

እኛ በመጨረሻ ከፕሌይራይት ጋር ቀረን። «መዝገብ መሰረዝ» አሁን ሁለት ፍተሻ ሆኗል። አንዱ መዝገቦቹን ቆጥሮ ሰርዝን ይጫናል፣ «ይቅር» ይላል፣ ቁጥሩ እንዳልተነካ ያያል። ሌላው «እሺ» ይላል፤ ገጹን እንደገና ከፍቶም ቁጥሩ በአንድ መቀነሱንና የተሰረዘው የታሰበው ገበሬ መሆኑን ያረጋግጣል። ሁለተኛውን በጻፍንበት ቀን ወደቀ። የተበላሸው የመሰረዣ አድራሻ የተገኘውም ያን ዕለት ነው፤ ወደ መሐል ሜዳ ደውዬ ሦስቱን መዝገብ አንድ እንድታደርግ የነገርኋትም በማግሥቱ።